የሰርቨሩ ኑዛዜ

ሰርቨሩ የወደቀው ሳምራ ፓስቲዋን ሻይ ውስጥ ነክራ ወደ አፏ ልታደርስ ስትል ነው። «ኧረ ደግሞ ጠፋ!» የሚል ጩኸት መጀመሪያ ከምክር ክፍሉ፣ ቀጥሎ ከእንግዳ መቀበያው ተሰማ። ፓስቲው ሻዩ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። በዚያ ሳምንት ይኼ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ሠራተኛውም ስለለመደው መብራት እንደጠፋበት ሰው እጁን አጣምሮ ይቀመጣል፣ ወሬ ይጀምራል፣ በመሀል የሳምራን ስም ያነሳል።

ማዕከሉ ዲላ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ታፔላ በሌለው ግቢ ውስጥ ነው። ታፔላ ያጣው በስንፍና አይደለም። ከባላቸው ዱላ ወይም ከጠላፊ እጅ ያመለጡ ሴቶችን ተቀብሎ ሰው በማያውቀው ቤት የሚያስጠልል መሥሪያ ቤት «እዚህ ነኝ» ብሎ በር ላይ አይጽፍም። ሳምራ የዚህ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ከቡታጅራ ለትምህርት መጥታ፣ ተመርቃ፣ ከተማዋን ወድዳ በዚያው ቀረች። ሥራዋን ትወዳለች፤ ትኮራበታለችም። ኩራቷ ነው ጉድ የሠራት።

ሰርቨር ሲወድቅ ዝም ብሎ አይሞትም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ትንፋሹ ከመውጣቱ በፊት፣ በዚያች ቅጽበት ሚሞሪው ላይ የነበረውን ሁሉ አራግፎ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ባለሙያዎቹ ዳምፕ ይሉታል። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንደሚናዘዘው ማለት ነው፤ ኑዛዜውን ያነበበ ሰው ምን እንደገደለው ያውቃል። ችግሩ፣ የሚናዘዝ ሰው ስለ ራሱ ብቻ አያወራም፤ በአደራ የሰማውንም ይዘከዝካል። የማዕከሉ የሴቶች መረጃ ዲስክ ላይ ሲቀመጥ በሚገባ የተቆለፈ ነው። አንዱ ሠራተኛ ከፍቶ በሚያነብበት ሰዓት ግን ሚሞሪው ላይ ራቁቱን ነው የሚውለው። ያኔ ሰርቨሩ ከወደቀ ራቁቱን እንዳለ ዳምፑ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ኑዛዜው ምን ይጨምር፣ ምን ይተው የሚለውን የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። ሳምራ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የራስህን የውስጥ ሚሞሪ ብቻ ጻፍ፣ የፕሮግራሞቹን ተወው ልትለው ትችል ነበር። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ግን ሙሉውን ካላየሁ በሽታውን አላገኘውም ብሎ ድርቅ አለ። እሷም መሀል መንገድ አበጀች። ሁሉም ይጻፍ፤ የሴቶቹ ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር የሚያርፉባቸው የሚሞሪ ገጾች ግን ምልክት ይደረግባቸውና ባዶ ሆነው ይለፉ። ይህን ለመሥራት ስንት ቅዳሜዋን ሠዋች። ሠርታ ስትጨርስም በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ቆማ፣ «ከእንግዲህ ሰርቨሩ በየቀኑ ቢወድቅ እንኳ የአንዲት ሴት ቤት አይታወቅም» አለች አፏን ሞልታ። ተጨበጨበላት። እንዲያ ሲያጨበጭብ የነበረው ሰው ሁሉ፣ አንድ ቀላል ጥያቄ ሊጠይቃት ይችል ነበር። አንድም የጠየቀ የለም።

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ሰርቨሩ ከወደቀ በኋላ፣ ዳምፑን ሊወስድ ከድርጅቱ የመጣው ቴክኒሻን ሁልጊዜ የምትመጣው ሀሴት አልነበረችም። ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ ሚሊዮን እባላለሁ አለ።

«ሀሴትን ትንሽ አሟታል። እኔ ደግሞ ዱመርሶ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ ስላለኝ፣ መንገዴ ነው፣ ልውሰደው ብዬ ነው።»

ፋይሉ በዲላ ኔትወርክ ቢላክ ሳምንቱ ያልቅ ነበርና፣ ሳምራ እንደተለመደው ሰውዬው በያዘው ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠችለት።

«ሙሉው ነው አይደል?» አለ ሚሊዮን ገመዱን እየጠቀለለ።

«ስምና አድራሻ የለበትም። ሌላው እንዳለ ነው።»

«እሱን ያደረግሽው አንቺ ነሽ? ጎበዝ ነሽ እኮ!»

ሳምራ ፈገግ አለች። እንዲያውም በር ድረስ ሸኘችው፤ ወደ ወናጎ የሚሄድ ሚኒባስ ከየት እንደሚያገኝም አሳየችው።

ተመልሳ ገና ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ ሹፌሩ ይርጋ መጣ። የቡሌ ልጅ ነው፤ የማዕከሉን አሮጌ ፒክአፕ እንደ በሬ እያባበለ የሚነዳ፣ ተናዶ የማያውቅ ሰው።

«እህቴ ሳምራ፣ ያቺ መልእክት ጠፋችብኝ እኮ። አንዴ ብቻ ክፈችልኝ፤ መንገዱን ልይና ልሂድ።»

«የምን መልእክት?»

«እትዬ ጥሩብርሃን የጻፉልኝ ነዋ። ቡሌ ለምሄደው። እያነበብኩ ሳለሁ ነው ኮምፒውተሩ የሞተው።»

«መንገዱን በመልእክት ነው እንዴ የሚጽፉልህ?»

ይርጋ ሳቀ። «ታዲያ በምን ይጽፉልኝ? እዚያ ገደል ውስጥ የቤት ቁጥር አለ?»

ሳምራ ክው አለች። ሰርቨሩ ተነሥቶ ስለነበር የሴቶቹን መዝገብ ከፈተች። የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ «የለም» ይላል። ሌላ ከፈተች፤ «የለም»። ሌላ፤ «የለም»። ቅዳሜዋን ሁሉ ሠውታ፣ ገጽ በገጽ ምልክት አድርጋ፣ ከሰው ዓይን የሸሸገችው ይህችን ቃል ነበር። እሷ ራሷ ዲላ ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ስትኖር ለአንድም ባጃጅ የቤት ቁጥሯን ነግራ አታውቅም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ቀዩ በር፣ ውሻ ያለበት ነው የምትለው። ይህን እያወቀች፣ ሥራው ላይ ስትደርስ ግን የሰው መኖሪያ ቁጥር ይመስል ቁጥሩን ስትጠብቅ ከረመች።

የዳምፑ አንድ ግልባጭ እሷ ዘንድ ቀርቷል። ከፈተችውና «ቡሌ» ብላ ፈለገች። ወዲያው መጣ።

*ይርጋ፣ ቡሌ ገበያውን አልፈህ የታችኛውን መንገድ ያዝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ትልቅ የኮሶ ዛፍ አለ፤ ከሱ ፊት ለፊት ያለው የቀርከሃ አጥር ነው። ለትንቢት የአጥሚት እህልና ብርድ ልብሱን አድርስላት፤ አራስ ስለሆነች አትቆይባት።*

አንዲት ፊደል ሳትጎድል። ስሟም ጭምር። ስሙን የደበቀችው መዝገቡ ላይ እንጂ ሰዎች እርስ በርስ በሚጻጻፉበት መስኮት ላይ አልነበረም።

እትዬ ጥሩብርሃን ድምፅ ሰምተው ገቡ። የማዕከሉ አማካሪ ናቸው፤ የወናጎ ተወላጅ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሲደነግጡ ደግሞ ጭራሽ ዝም የሚሉ ሴት። ሳምራ ስክሪኑን አሳየቻቸውና ምን እንደሆነ እየተንተባተበች ነገረቻቸው።

«ማን ነው የወሰደው?»

«ሚሊዮን የሚባል፣ አዲስ ሰው ነው። ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት።»

እትዬ ጥሩብርሃን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የሽብሩ ሚዜ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ባለፈው ወር ሽማግሌ ይዞ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። ‹ሚዜያቸው ነኝ፣ ሲጣሉ ማስታረቅ የኔ ዕዳ ነው፤ ያለችበትን ብቻ ንገሩኝ› ብሎ ተንበረከከብኝ። ክፉ ሰው አይደለም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ፤ ክፉ ቢሆን ሰው አያምነውም ነበር።»

ሽብሩ የትንቢት ባል ነው። ሳምራ ትንቢትን ያየቻት አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጀመሪያ የመጣች ዕለት ነው። የግራ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል፤ ሻይ ሲሰጧት «ይቅርታ አስቸገርኳችሁ» ትላለች። የመጀመሪያ ጽንሷን በእርግጫ ነበር ያስወረዳት። ሁለተኛውን እንደያዘች ባወቀች ጊዜ ለማንም ሳትናገር፣ ሆዷ ሳይገፋ፣ በለበሰችው ልብስ ወጣች። ሽብሩ ማርገዟን አያውቅም። እናቷም አታውቅም። ከዚህ ግቢ ሰዎችና ከቡሌው ቤት ባለቤት በቀር መውለዷን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም።

«እናንሳት!» አለች ሳምራ።

«አራስ ናት፣ ልጄ። ሰማዩን አላየሽውም? በዚያ መንገድ፣ በዚህ ዝናብ፣ ጨቅላ ይዛ የት ትሂድ? ምናልባት ገና አልከፈተው ይሆናል።» ወደ ይርጋ ዞሩና መንገዱን በጌዴኦኛ በቃል ነገሩት። እሱም እህሉንና ብርድ ልብሱን ጭኖ ወጣ።

«እኔ አመጣዋለሁ» አለች ሳምራ። «ሳይከፍተው አመጣዋለሁ።»

ሌላ ዳምፕ አዘጋጀች። ይኼኛው ውስጥ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የራሱ ሚሞሪ ብቻ እንዲቀር፣ የፕሮግራሞቹ ሁሉ ተጠርጎ እንዲወጣ አደረገች። መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት! በትንሽ ዲስክ ላይ ገልብጣ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ጃንጥላዋን ረስታ ወጣች።

መናኸሪያው ውስጥ ወደ ይርጋጨፌ የሚሄደው ሚኒባስ ግማሹ ባዶ ነበር። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ የሚጎድለው ግን የሰው መንጋ ነው። ሳምራ ስልኳን አወጣች፣ መልሳ ከተተች። ብትደውልለት ምን ትለዋለች? ዲስኩን እንዳትከፍተው ብሎ ነገር፣ ክፈተው ብሎ ከመለመን በምን ይሻላል? አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ጭናቸው ላይ ያቀፉትን ዶሮ እያባበሉ «ልጄ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» አሏት። «አይ፣ እማማ» አለች። ዕንባዋ ግን መጣ።

ወናጎ ላይ ደግሞ ሰው ወረደ፤ ሌላ ሰው እስኪሞላ ተቆመ። ጆንያ ተጫነ፤ ስለ ጆንያው ጭቅጭቅ ሆነ። ሳምራ በዕድሜዋ ሰው ሰድባ አታውቅም፤ ያን ዕለት ረዳቱን ሰደበችው። ደግሞ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀችው። መንገዱ ግራና ቀኝ እንሰትና ቡና ነው፤ ዝናቡ መጣሁ ቀረሁ እያለ ያስፈራራል።

ዱመርሶ ስትደርስ እሸት ቡና የሚያራግፉ ሰዎች በሩ ላይ ተሰልፈው ነበር። የገለባው ሽታ አፍንጫ ይበጥሳል። ሚሊዮንን ያገኘችው ከማድረቂያ አልጋዎቹ በላይ ባለች የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ፣ ሚዛኑ የተያያዘበትን ኮምፒውተር ፈታትቶ ነው። ጎኑ ላይ የራሱ ላፕቶፕ ተከፍቷል። ዲስኩ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ፣ ትንሿ ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሳምራ ዓይኗን ከመብራቷ ላይ መንቀል አቃታት።

«ሳምራ! ምን ሆነሽ ነው? ጫማሽ እንዳለ ጭቃ ሆኗል እኮ፤ ግቢ፣ ግቢ።»

«የሰጠሁህ ፋይል ተበላሽቶ ነው» አለች። ውሸት አልለመደችምና ድምፅዋ ቀጠነ። «ሲገለበጥ የተበላሸ ነው። ደህናውን ይዤልህ መጥቻለሁ፤ ያንን መልስልኝ።»

ሚሊዮን ትንሿን ዲስክ ተቀብሎ አገላበጣት። «ይቺ ትንሽ ናት። የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ብቻ ነው ያደረግሽው?»

«የሚያስፈልግህ እሱ ብቻ ነው። በሦስቱም ጊዜ የወደቀው ዲስኩን በሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር ነው፤ አይቼዋለሁ። የፕሮግራሙ ሚሞሪ ምን ያደርግልሃል?»

«እውነትሽን ነው» አለና ዓይን ዓይኗን ተመለከታት። «ግን ለእሱ ብለሽ ከዲላ ዱመርሶ? በዚህ ቀን?»

ውጭ ሠራተኞቹ ቡናውን በላስቲክ ሊሸፍኑ እየተጯጯሁ ይሯሯጣሉ። ሚሊዮን ወንበር አቀረበላት፤ እሷ ግን ቆማ ቀረች።

«ስሚ፣ እህቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማን እንደሆንኩ ነግረውሻል መሰለኝ። አልደብቅሽም። ሽብሩ አብሮ አደጌ ነው። ሠርጉ ላይ አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነኝ። በሰውና በእግዚአብሔር ፊት ትዳራቸውን እጠብቃለሁ ብያለሁ። ተጸጽቷል፤ መጠጥ ትቷል፤ ቸርች ይመጣል። እናንተ ደግሞ ሰው እንደ ዕቃ ትደብቃላችሁ።»

«የመጀመሪያ ልጇ እንዴት እንደሞተ ነግሮሃል?»

«ወድቃ ነው።»

«ወድቃ ነው ብሎሃል?»

ሚሊዮን ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ያቺ ነገር ትንሽ የነካችው መሰለ። ከዚያ ዲስኩን ከላፕቶፑ ላይ ነቀለና ዘረጋላት።

«እንኪ። አልከፈትኩትም። እኔ ሌባ አይደለሁም።»

ሳምራ በሁለት እጇ ተቀበለችው። በዚያች ሰዓት ጉንጩን ብትስመው ደስ ባላት፤ ይህን ያህል አመነችው። ላፕቶፑ ላይ የገለበጠው ነገር እንዳለ እንኳ መጠየቅ ነውር መሰላት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

«ምንም አይደል። ያለችበትን አናውቅም ትሉኛላችሁ፤ ይሁን። ብቻ ከእናንተ አንዱ የሚያገኛት ካለ፣ ሚሊዮን ‹እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ› ብሏል በሉልኝ።»

«እሺ» ብላ ወጣች።

ባጃጅ አገኘችና ተሳፈረች። ዝናቡ መውረድ ጀመረ፤ ባለባጃጁ ላስቲኩን አወረደላት። ዲስኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ማዕከሉ ስትደርስ ለእትዬ ጥሩብርሃን ምን ብላ እንደምትነግራቸው ታሰላስል ነበር። ተሳካልኝ ልትላቸው ነው። አልከፈተውም፣ ሰላምታም ልኮላታል ልትላቸው ነው። ሰላምታውን በልቧ ደገመችው፤ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ።

ይህን ለወለደች ሴት ነው የሚሉት። ታሞ ለዳነም ይባል ይሆናል፤ ትንቢት ታመመች ያለው ሰው ግን የለም።

«አቁም!» ብላ ጮኸች። ባለባጃጁ ደንግጦ አፋፍ ላይ አቆመ። ሳምራ ወርዳ ጭቃው ውስጥ ቆመች። ሰውዬው አንብቦታል። አንብቦ፣ ዲስኩን ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል ብሎ መለሰላት። አስቦም አይደለም ሰላምታው ያመለጠው። እናቱ አራስ ስትጠይቅ ሲሰማ ያደገውን ቃል፣ በጨዋ ደንብ፣ አፉ ራሱ ነው ያለው። ልትሳደብ ፈለገች፤ ማንን እንደምትሰድብ አላወቀችም። ከሁሉ በፊት ራሷን ነበር መስደብ ያለባት።

ለእትዬ ጥሩብርሃን ደወለች። «አንብቦታል! ያንሷት! አሁኑኑ ያንሷት!»

«የይርጋ ስልክ አይሠራም፤ ቡሌ ኔትወርክ የለም» አሉ እትዬ ጥሩብርሃን። ድምፃቸው ደርቋል። «ነይ ብቻ። ቶሎ ነይ።»

ሳምራ ዲላ ስትገባ መሽቶ ነበር ለማለት ትንሽ ይቀራል። እትዬ ጥሩብርሃን ጠረጴዛው ላይ ስልኩን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ገጥመው ይጸልያሉ። ዘበኛው ኡስማን በሩን በወፍራም ብረት ደግፎ በዝናብ ቆሟል። ሽብሩ አይሱዙ አለው፤ አንዴ ከተነሣ ያ መንገድ አያቆመውም። ይርጋ ያለው ፒክአፕ ደግሞ ዳገት ሲያይ የሚያለቅስ ነው።

ስልኩ ጮኸ። ይርጋ ነበር፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ።

«እትዬ፣ እህሉን አድርሻለሁ። ልመለስ ነው።»

«እንዳትመለስ!» አሉ እትዬ ጥሩብርሃን ከወንበራቸው ተነሥተው። «ትንቢትን ከነልጇ አሁኑኑ ታነሣታለህ። ጠቅልለህ፣ ከፊት ወንበር አስቀምጣት። የምትወስዳት እዚያ...»

«ይቆዩ!» አለች ሳምራ።

እትዬ ጥሩብርሃን በድንጋጤ ቀና ብለው አዩዋት። ሳምራ እጇን አንስታ አቆመቻቸው፤ ሌላ ምንም ሳትል በሩን ከፍታ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ገጥማ ዘጋችው። ኡስማን አጠገብ ዝናቡ ላይ ቆመች። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ የውስጡን ድምፅ ዋጠው፤ እሷም ደስ አላት። ነገ የሽብሩ ሰዎች መጥተው እሷን ሊይዟት ይችላሉ፤ ሊያለቅሱባት፣ ሽማግሌ ሊያስገቡባት፣ በልጅ ስም ሊለምኗት ይችላሉ። ዛሬ አንድ ሰው በደግነቱ ምስጢር ሲያወጣ አይታለች። የሷም አፍ ከዚያ አይሻልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጆሮዋ አይግባ።

ስትመለስ እትዬ ጥሩብርሃን ስልኩን ዘግተው ነበር። ፊታቸው በዕንባ ርሷል፤ ግን ፈገግ ይላሉ።

«ሊያነሣት ሄደ። ስለ ልጇ ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ...»

«አይንገሩኝ፣ እትዬ። ምንም አይንገሩኝ።»

እትዬ ጥሩብርሃን ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ትንቢት ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

በማግስቱ ጠዋት ሽብሩ መጣ። ከኋላው ሚሊዮንና ነጠላ የደረቡ ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለዋል። ሌሊቱን ያላንቀላፋ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ የቡሌ ቀይ ጭቃ ነው። የቀርከሃው አጥር ውስጥ ሲገቡ ምድጃው ገና አልበረደም ነበር፤ የአጥሚቱ ኩባያም ግማሽ ድረስ እንዳለ አገኙት። ይህን የተናገረው ራሱ ነው፤ እየጮኸ። ኡስማን በብረቱ በሩን ይዞ ቢሟገትም ሽማግሌዎቹን ገፍትሮ መጣል አልቻለም።

«አንቺ ነሽ አይደል የኮምፒውተሯ ልጅ?» አለ ሽብሩ ሳምራ ጠረጴዛ ላይ ሁለት እጁን አሳርፎ። «ሁሉም ነገር አንቺ ጋ ነው አሉ። ልጄ የት ነው ያለው?»

ሳምራ ቀና ብላ አየችው። ፈርታለች፤ ፍርሃቷን አልደበቀችም። ዓይኗን ግን አልሰበረችም።

«አላውቅም» አለች።

«ውሸታም!» ስክሪኑን በክንዱ ጠረገና ጣለው፤ መሬት ላይ ተሰባበረ። አንደኛው ሽማግሌ ክንዱን ያዘው። «የት ነው ያለችው?! ተናገሪ!»

«አላውቅም።»

ሽብሩ ፊቷን መረመረ፤ የሚይዘው ነገር ፈለገ። ሽማግሌዎቹም አዩዋት። ሚሊዮንም አያት፤ ከሁሉ በላይ ያያት እሱ ነው። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ተዋት፣ ሽብሩ» አለ። «እውነቷን ነው። አታውቅም።»

ሽብሩን ይዘው አወጡት። ግቢው ውስጥ ሲጮኽ፣ ከዚያ መንገድ ላይ ሲጮኽ ተሰማ፤ ራቀ። ሚሊዮን ብቻ በሩ ላይ ቀረ።

«የመጀመሪያው ልጅ ነገር...» አለ ሚሊዮን። «ትናንት መኪና ውስጥ ጠየቅኩት። መታኝ።» የከንፈሩን ጥግ ዳሰሰ፤ አብጧል።

ሳምራ አላዘነችለትም፤ ልታዝንለትም አልፈለገችም። መሳቢያዋን ከፍታ ሌላ ዲስክ አወጣችና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችለት።

«ትናንት ማታ ደግሞ ወድቆ ነበር። ሰርቨሩን የገደለው ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ሌላ ምንም የለበትም።»

ሚሊዮን ዲስኩን አነሣ። ሊወጣ ዞረና መለስ ብሎ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ ጠየቃት።

«ወንድ ነው ሴት?»

«እሱንም አልጠየቅኩም» አለች ሳምራ።